መጀመሪያ ቤት ነበር፦ የእንግሊዝ የገጠር ፐብ እንዴት እንደተሠራና ምን እንደሚያፈርሰው

የእንግሊዝ ገጠር ውስጥ አንድ የቆየ ፐብ (መጠጥ ቤት) ያየ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በጠመመው ግርግዳና በጎበጠው ጣሪያ ላይ ነው። "አርጅቶ ነው" ብሎ ማለፍ ይቀላል። ጥመቱ ግን ባብዛኛው የእርጅና አይደለም። ቤቱ በተሠራ በመጀመሪያዎቹ ዐሥር፣ ሃያ ዓመታት የመጣ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሦስትና አራት መቶ ዓመት ሳይነቃነቅ ቆሟል። እንዲህ ያለውን ቤት በእውነት የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚመጣው "ላድሰው" ብሎ በተነሳ ሰው እጅ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፐብ የሚለው ቃል "ፐብሊክ ሃውስ" ከሚለው ያጠረ ሲሆን ለሕዝብ የተከፈተ ቤት ማለት ነው። በገጠር ይህ ስም ቃል በቃል እውነት ነው። ብዙዎቹ የቆዩ የገጠር ፐቦች ለመጠጥ ቤትነት ታስበው አልተሠሩም፤ ገበሬ ወይም አንጥረኛ ይኖርባቸው ነበር። ጠመቃውም የቤት ሥራ ነበር። እንደ ጠላችን ሴቶች በጓዳ ይጠምቁትና ከቤተሰቡ የተረፈው ለጎረቤት ይሸጣል። ምልክቱ ሳይቀር ይመሳሰላል። እኛ ዘንድ ጠላ ቤት ደጃፍ ላይ በእንጨት ጫፍ ጣሳ ይደፋል፤ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ደግሞ መጠጡ የደረሰበት ቤት ከበሩ በላይ ረጅም እንጨት አውጥቶ ጫፉ ላይ ቅጠል ያስር ነበር።

በዉስተርሺር፣ ብሬትፎርተን መንደር ያለው "ፍሊስ ኢን" ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሲሠራ ሰውና ከብት ባንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩበት ረጅም የገበሬ ቤት ነበር። የመጠጥ ፈቃድ ያገኘው በ1848 ነው፤ ማለትም ከዕድሜው ከሁለት ሦስተኛ በላይ ያሳለፈው በመኖሪያ ቤትነት ነው። እስከ 1977 ድረስ ከአንድ ቤተሰብ እጅ ሳይወጣ ቆይቶ፣ የመጨረሻዋ ባለቤት ሎላ ታፕሊን ለናሽናል ትረስት አወረሱት። ይህ ድርጅት ታሪካዊ ቤቶችንና መሬቶችን የሚጠብቅ የእንግሊዞች የበጎ አድራጎት ተቋም ነው።

ብዙ የገጠር ቤቶችን ወደ መጠጥ ቤትነት የገፋው የ1830ው የቢራ ቤት ሕግ ነው። የአካባቢ ግብር የሚከፍል ማንኛውም አባወራ በዓመት 2 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ ነው) ከፍሎ ቢራ መሸጥ እንዲችል ፈቀደ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ፈቃዱን ወሰዱ። ሁለት ጊኒ የከፈለ ገበሬ ግን ለአዲስ ግንባታ የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረውም፤ ያለውን ቤት እንዳለ ከፈተው። ማድ ቤቱ የጠጪዎች ክፍል፣ እልፍኙ የተሻለ ልብስ ለለበሱት ማረፊያ፣ ጓዳው የበርሜል ቤት ሆነ። የገጠር ፐብ የውስጥ አከፋፈል ለምን ግራ እንደሚያጋባ የገባው ሰው ግማሹን ቤት አነበበ ማለት ነው።

የእንጨቱ አጽም

ከደቡብ ምሥራቁ ኬንት እስከ ሰሜን ምዕራቡ ቼሺር ያሉት የእንጨት ቤቶች በአብዛኛው የተሠሩት ኦክ ከሚባለው ጠንካራ ዛፍ ነው። ኦኩ የሚጠረበው ገና እርጥብ እያለ፣ ከተቆረጠ ብዙ ሳይቆይ ነው፤ ከደረቀ መሮና መጥረቢያ አይበግሩትም። ይህ አንድ ውሳኔ የቤቱን መልክ ሁሉ ይወስናል። እርጥብ ኦክ ሲደርቅ በርዝመቱ አያጥርም ማለት ይቻላል፤ በወርዱ ግን 30 ሳንቲ ሜትር የነበረው ግንድ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይሸሻል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ወፍራም ግንድ ልቡ ድረስ ለመድረቅ ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ቤቱ የሚጠመው ያኔ ነው። የቀድሞ አናጺዎች ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ ማጋጠሚያውን የሠሩት እንጨቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንዲጠብቅ አድርገው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአንዱ እንጨት ላይ ሴቴው ጉድጓድ፣ በሌላው ጫፍ ላይ ወንዴው ምላስ ይወጣለታል። ከዚያ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቀዳዳ በጉድጓዱ ግራና ቀኝ ይበሳል። በምላሱ ላይ የሚበሳው ቀዳዳ ግን ከዚያ ጋር ልክ አይገጥምም፤ ሆን ተብሎ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ትከሻው ይጠጋል። በደረቅ ኦክ ተፈልጦ የተሾለ ችንካር ሲመታበት፣ ችንካሩ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ለማለፍ ትንሽ ይጎብጥና ምላሱን ወደ ጉድጓዱ ይስበዋል። ሙጫ የለ፣ ብረት የለ። ችንካሩ ደረቅ፣ እንጨቱ እርጥብ በመሆኑ፣ እንጨቱ ሲደርቅ ችንካሩን አንቆ ይይዘዋል። ከግርግዳው ላይ ብቅ ብለው የሚታዩት የችንካር ጫፎች ሳይቆረጡ የተተዉት ወደፊት ማጋጠሚያው ቢላላ ደግሞ እንዲመቱ ነው። "ለዓይን አያምርም" ብሎ ከግርግዳው እኩል የሚቆርጣቸው ሰው የጥገናውን መንገድ ዘጋ ማለት ነው።

ወደ ማጋጠሚያው ቀረብ ብላችሁ ባትሪ በጎን ብታበሩ የተቀረጸ ምልክት ታገኛላችሁ። አጽሙ መጀመሪያ በአናጺው ግቢ መሬት ላይ ተጋጥሞ፣ ከተፈተሸ በኋላ ተፈትቶ በጋሪ ስለሚጓጓዝ፣ አንድ ላይ የሚገጥሙ ሁለት እንጨቶች አንድ ዓይነት የሮማ ቁጥር በመሮ ይቀረጽባቸዋል። አራት ቁጥር ዘወትር አራት ቀጥ ያሉ ጭረቶች ነው፤ በአጭሩ የሮማ አጻጻፍ ቢጻፍ እንጨቱ ሲገለበጥ ከስድስት ጋር ይምታታል። ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ከሄዱ አጽሙ ካለበት አልተነካም። ከሦስት በኋላ ዘጠኝ ከመጣ ግን መሐል ላይ አንድ ነገር ተለውጧል፣ ወይም እንጨቱ ከሌላ ቤት መጥቷል።

ይህ ወደ አንድ በጣም የተለመደ ተረት ይወስደናል። በየፐቡ "እነዚህ ግንዶች ከጦር መርከብ የመጡ ናቸው" ይባላል፤ ማስረጃ ተብሎ የሚታየው በግንዱ ላይ ያለው ባዶ ጉድጓድ ነው። ከባሕር አንድ ቀን መንገድ ርቆ ላለ መንደር የመርከብ እንጨት ማን ያመጣለታል? ባዶው ጉድጓድ የሚናገረው ሌላና ይበልጥ የሚያስደስት ነገር ነው። በግንዱ ሆድ ላይ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ጉድጓዶች ካሉ፣ ከሥሩ ግርግዳ ቆሞ ነበር። በመካከላቸው ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች ከተሰለፉ ግርግዳው የጭቃ ነበር። ጉድጓዶቹ ድንገት ተቋርጠው አንድ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ከተዉ ደግሞ እዚያ በር ነበረ። ዛሬ አንድ ሰፊ አዳራሽ የሚመስለው የፐብ ክፍል ባብዛኛው የሁለት ወይም የሦስት ክፍሎች ድምር ነው፤ ግርግዳዎቹ የፈረሱት በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽና ከዚያ በኋላ ነው፣ አስተናጋጁ ሁሉንም ጠጪ ባንድ ዓይን እንዲያይ።

ዕድሜን በእርግጠኝነት ለማወቅ ከግንዱ ቀጭን ናሙና ተሰርስሮ የዕድገት ቀለበቶቹ ይለካሉ። ቅርፊቱ ሥር ያለው የመጨረሻ ቀለበት ካለ ዛፉ የተቆረጠበት ዓመት፣ አንዳንዴም ወቅቱ ይታወቃል። አናጺው ነጩን የውጭ እንጨት ጠርቦ ከጣለው ግን የሚገኘው ግምት ነው፤ የእንግሊዝ ኦክ ነጩ ክፍል ከ9 እስከ 41 ቀለበት ሊኖረው ስለሚችል መልሱ የሠላሳ ዓመት ክፍተት ይኖረዋል። በር ላይ "1350" ተብሎ የተጻፈ ሰሌዳ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ምርመራ አላየም።

ስለ ጥቁርና ነጩ ቀለምም አንድ ነገር። ጥቁር እንጨት በነጭ ግርግዳ ላይ "የጥንት መልክ" ይመስላል፤ በብዙ ቦታ ግን በ19ኛው መቶ ዘመን የተስፋፋ ልማድ ነው። ቀድሞ ኦኩ ሳይቀባ ተትቶ ብርማ ግራጫ ይሆናል፣ ወይም ከግርግዳው ጋር አብሮ በኖራ ውሃ ይቀባል። ዛሬ ሬንጅነት ባለው ጥቁር ቀለም የሚቀባው ሰው መልኩን ብቻ አይደለም የሚለውጠው፤ ውሃ በስንጥቅ ገብቶ የሚወጣበትን መንገድ ይደፍናል።

ጭቃውና ኖራው

በእንጨቶቹ መካከል ያለውን ክፍት የሚሞላው ግርግዳ ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ አዲስ አይደለም። ማገርና ምርጊት ነው። ከላይኛው አግዳሚ ሆድ በተበሱ ቀዳዳዎች ውስጥ የኦክ ፍልጦች ጫፋቸው ይሰካል፤ የታችኛው ጫፍ በሥረኛው አግዳሚ ላይ በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ ይንሸራተትና ቀጥ ብሎ ይቆማል። በእነዚህ ፍልጦች ዙሪያ ሄዝል የሚባል የሚተጣጠፍ ቁጥቋጦ እንደ ቅርጫት ይጠለፋል። ከዚያ የሸክላ አፈር፣ አሸዋ፣ የተከተፈ ጭድና እበት በውሃ ተቦክቶ ይረገጣል። የመመረጉ ሥራ የሁለት ሰው ነው። አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ ሆነው በተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ ጊዜ ጭቃውን ይወረውራሉ፤ ሁለቱ ጭቃዎች በማገሩ ክፍተት ተገናኝተው ይያያዛሉ። አንድ ሰው ብቻውን ከመረገ ጭቃው በሌላው በኩል ተገፍቶ ይወድቃል። ጭድ የበዛበት ጭቃ አይሰነጠቅም ግን ቶሎ ይፈረፈራል፤ ሸክላው የበዛበት ይጠነክራል ግን ይሰነጠቃል። ናሙና ምረጉና አንድ ሳምንት አድርቃችሁ እዩት፤ በቃ ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም።

በጭቃው ላይ የፍየል ጸጉር የገባበት የኖራ ልስን፣ በልስኑ ላይ ደግሞ የኖራ ውሃ ይቀባል። አሁን ዋናው ነገር መጣ። ይህ ግርግዳ ውሃ አያስገባም ተብሎ የተሠራ አይደለም። ዝናብ ሲመታው ትንሽ ይጠጣል፣ ነፋስና ፀሐይ ሲያገኝ መልሶ ይተፋል። ጭቃውም ኖራውም ኦኩም እኩል ስለሚተነፍሱ እርጥበቱ አንድ ቦታ አይከማችም። እንጨት የሚያበሰብሱ ፈንገሶች የሚነሱት በእንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ በላይ ሲሆን ነው፤ የሚተነፍስ ግርግዳ ውስጥ ያለ ኦክ ከዚያ በታች ስለሚቆይ ስድስት መቶ ዓመት ይኖራል።

ከዚያ ሲሚንቶ መጣ። በ20ኛው መቶ ዘመን ለቁጥር የሚታክቱ ፐቦች በሲሚንቶ ተለሰኑ፤ ጠንካራ ነው፣ ርካሽ ነው፣ በአንድ ሳምንት ያልቃል። ሲሚንቶ ግን አይተጣጠፍም፤ ከሥሩ ያለው እንጨት በክረምትና በበጋ ሲንቀሳቀስ በልስኑና በእንጨቱ መካከል የጸጉር ያህል ስንጥቅ ይከፈታል። ዝናቡ በዚያ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ከውጭ ግርግዳው ነጭና ንጹሕ ሆኖ እያለ ከኋላው ኦኩ እንደ ቸኮሌት ኬክ ይፈረፈራል። ስንጥቁን ለመድፈን ሲሊኮን የሚጨምር ሰው ነገሩን ያባብሰዋል፤ ሲሊኮን የገባውን ውሃ ይቆልፍበታል እንጂ አዲሱን አይከለክልም። ያን ክፍተት መሙላት የሚገባው ጸጉር ያለው የኖራ ልስን ነው፤ ደግሞ ሲከፈት ደግሞ ይሞላል። ይህን ትምህርት እኛም በጎንደር አይተነዋል፦ የፋሲል ግቢ ግንቦች በኖራ የተገነቡ ናቸው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በአርማታ የተደረገው እድሳት አጉል ሆኖ በመገኘቱ በኋላ ላይ እየተነሳ በኖራ ተተክቷል።

ሲሚንቶውን ለማንሳት ትዕግሥት ያስፈልጋል። በእጅ መሮና መዶሻ፣ ከጠርዝ እየተፈለቀቀ ይነሳል፤ በሞተር መቁረጫ ከተነካ ኦኩ አብሮ ይቆረጣል፣ የቆየው ጭቃም በንዝረት ይራገፋል። ከተነሳ በኋላ ወዲያው አይለሰንም። የታመቀው እርጥበት እስኪወጣ ለእያንዳንዱ 25 ሚሊ ሜትር የግርግዳ ውፍረት አንድ ወር ያህል ይጠበቃል። ልስኑ አንድ እጅ ለብዙ ጊዜ የተኛ ለስላሳ ኖራ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጅ ሻካራ አሸዋ ጋር ነው። የመጀመሪያዎቹ ድርብ ጸጉር ይገባባቸዋል፤ አንዱ ድርብ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። ከበዛ ፊቱ ይደርቅና ውስጡ ይቀራል። ኖራ የሚጠነክረው ውሃው ስለተነነ ሳይሆን ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ወደ ድንጋይነት ሲመለስ ነው፤ ለዚህ ትንሽ እርጥበት ይፈልጋል። ስለዚህ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ይረጫል። ከ5 ዲግሪ በታች ከወረደ ሥራው ይቆማል፤ ሳይጠነክር ውርጭ ከመታው እንደ ቅርፊት ይላጣል። እንግሊዝ ውስጥ ከጥቅምት ማለቂያ እስከ መጋቢት የውጭ የኖራ ሥራ የሚጀምር ግንበኛ ወይ አያውቅም ወይ ቸኩሏል። መጨረሻ ላይ የኖራው ውሃ እንደ ወተት ቀጥኖ አራት አምስት ጊዜ ይቀባል። ወፍራም አንድ ጊዜ መቀባት አይተካውም፤ ይረግፋል።

የግርግዳው ደመኛ አንዳንዴ ከመሬት ነው የሚነሳው። አጽሙ በሙሉ የሚያርፈው በድንጋይ መሠረት ላይ በተኛው የሥር አግዳሚ ላይ ነው። በመቶ ዓመታት ውስጥ መንገዱ እየተደለደለ፣ የእግረኛው ንጣፍ እየተደረበ፣ የአበባው አፈር እየተከመረ የውጭው መሬት ከፍ ይላል። አንድ ቀን አግዳሚው መሬት ውስጥ ይገኛል። ፐቡ ውስጥ ለመግባት ደረጃ የምትወርዱ ከሆነ ይህን ጠርጥሩ። ካቻቢቴ ወይም ወስፌ አግዳሚው ላይ ጫን አድርጉ፦ ጤነኛ ኦክ ላዩ ብቻ ይጫራል፤ የበሰበሰ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያስገባል። መፍትሔው መሬቱን ከአግዳሚው ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ፣ በግርግዳው ሥር ጠጠር የሞላበት ቦይ መቆፈር፣ የበሰበሰውን ክፍል ብቻ ቆርጦ አዲስ ኦክ መቀጠል ነው። ሙሉውን አግዳሚ መለወጥ ቤቱን በሙሉ በድጋፍ ማንጠልጠል ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜም አያስፈልግም።

እርጥበት ያለበት ኦክ ሌላ እንግዳም ይጋብዛል፤ እንግሊዞች "የሞት ጠባቂ" የሚሉት ጥንዚዛ ነው። ስሙ የመጣው በጸደይ ወራት ጭንቅላቱን ከእንጨቱ ጋር እያጋጨ ከሚያሰማው የመንኳኳት ድምፅ ነው፤ ሌሊት በሽተኛ የሚያስታምም ሰው ነበር የሚሰማው። የ3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ትቶ ይወጣል፤ ትሉ ግን እስከ ዐሥር ዓመት እንጨቱ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። መድኃኒት መርጨት ላይ ላዩን ብቻ ይነካል። ውሃውን ማቆም ይበቃል፤ በደረቀ ኦክ ውስጥ ጥንዚዛው እየመነመነ ይጠፋል።

እሳቱ

የመካከለኛው ዘመን ቤት ጭስ ማውጫ አልነበረውም። ምድጃው አዳራሹ መሐል መሬት ላይ ነበር፣ ጭሱም እንደ ገጠር ጎጇችን በክዳኑ በኩል ይወጣ ነበር። ጣሪያ ሥር ወጥቶ ማየት የቻለ ሰው እንጨቶቹ በጥቀርሻ ጠቁረው ያገኛቸዋል። ጭስ ማውጫው ከተሠራ በኋላ ያ ጥቀርሻ ስላልጨመረ ጥቁሩ ራሱ የዕድሜ ማስረጃ ነው፤ በኃይለኛ የውሃ ግፊት አጥቦ ማጽዳት ማስረጃውን ማጥፋት ነው። በተለይ በዴቨን አንዳንድ ቤቶች ላይ የመካከለኛው ዘመን የሳር ክዳን የታችኛው ድርብ ራሱ ጥቀርሻውን እንደያዘ እስከ ዛሬ አለ፤ አዲሱ ክዳን ሁሌ በአሮጌው ላይ ስለሚደረብ።

በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን የጡብ ጭስ ማውጫ ቤቱ ውስጥ ተተከለ። ጭሱ መንገድ ካገኘ በኋላ በአዳራሹ ላይ ሁለተኛ ወለል ማንጠፍ ተቻለ። የፐቡ ጣሪያ ዝቅ ብሎ ጭንቅላት የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለአንድ ከፍ ያለ አዳራሽ በተሠራ አጽም ውስጥ ሁለት ፎቅ ገባበት። "የድሮ ሰው አጭር ስለነበር ነው" የሚባለው ልክ አይደለም፤ የቁመት ልዩነቱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ኢንግልኑክ የሚሉት ሰፊ ምድጃ የዚህ ዘመን ልጅ ነው። ሰው ውስጡ ገብቶ የሚቀመጥበት፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር የሚሰፋ፣ አፉን አንድ ወፍራም የኦክ ግንድ የተሸከመለት። በጎኑ የዳቦ መጋገሪያ ጉድጓድና ጨው እንዳይረጥብ የሚቀመጥበት ትንሽ መስኮት ይኖረዋል። ግንዱን ቀርባችሁ እዩት። እንደ እንባ ጠብታ ቅርፅ ያላቸው የቃጠሎ ነጠብጣቦች ታገኛላችሁ፤ በአደጋ የወደቀ ሻማ እንዲህ አያቃጥልም፣ ነበልባሉ በማዘንበል ሆን ተብሎ ተይዞ ነው። አጠገባቸው በኮምፓስ የተሳሉ ባለ ስድስት ቅጠል አበባዎች ወይም ተደራራቢ የላቲን ፊደላት ይኖራሉ። ቤቱን ከእሳትና ከክፉ መንፈስ ለመጠበቅ የተደረጉ ናቸው። ጭስ ማውጫ ዘወትር ክፍት የሆነ በር ነውና ጥበቃው እዚያ በዛ። በፍሊስ ኢን ደግሞ ምድጃው ፊት ወለሉ ላይ በነጭ የተሳሉ ክቦች አሉ፤ ጠንቋይ በጭስ ማውጫ ወርዳ እንዳትገባ ተብለው፣ ዛሬም እየታደሱ። እንዲህ ያለውን ግንድ በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎ "አዲስ ማስመሰል" ሊታሰብ አይገባም።

ሰፊው ምድጃ ለምን ያጨሳል? ነገሩ ስሌት ነው። ጭሱ የሚወጣበት ቱቦ ስፋት ከምድጃው አፍ ስፋት 15 በመቶ ያህል መሆን አለበት። 2 ሜትር ወርድና 1.5 ሜትር ከፍታ ያለው አፍ 3 ካሬ ሜትር ነው፤ ቱቦው 0.45 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። የጥንቱ ቱቦ እንዲያ ሰፊ ነበር። ዛሬ "ለደኅንነት" ተብሎ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቱቦ ሲገባበት፣ የቱቦው ስፋት 0.05 ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የሚችለው የአንድ ካሬ ሜትር ሲሶ አፍ ብቻ ነው። የቀረው ጭስ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። መፍትሔው ከምድጃው በላይ የብረት ቆብ አንጠልጥሎ አፉን ማጥበብ ወይም የተዘጋ ምድጃ ማስገባት ነው።

ጣሪያው ሳር ከሆነ ግን ይህ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። በ2004 ፍሊስ ኢን ላይ ከጭስ ማውጫው የወጣ ፍንጣሪ ክዳኑን አቃጥሎት ነበር። የተዘጋ ምድጃ ከክፍት እሳት ይበልጥ የሞቀ ጭስ ስለሚልክ ሳር ክዳን ባለበት ቤት ስጋቱ ይጨምራል። የጭስ ማውጫው ጫፍ ከክዳኑ ቢያንስ 1.8 ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ክዳን በክዳን ላይ ሲደረብ ይህ ልኬት ሳይታወቅ ይቀንሳል። እንጨቱ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች መሆን አለበት፣ ቱቦው ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠረግ። ጫፍ ላይ የሚደረገው የሽቦ መረብ በጥቀርሻ ተደፍኖ ራሱ የእሳት ምክንያት ስለሚሆን አይመከርም።

ባንኮኒውና ምድር ቤቱ

ባንኮኒ የሌለው ፐብ ማሰብ ዛሬ ያስቸግራል፤ በገጠር ግን ባንኮኒ በ19ኛው መቶ ዘመን የመጣ ዕቃ ነው። ከዚያ በፊት ቢራው ከበርሜሉ በማንቆርቆሪያ ተቀድቶ ይመጣ ነበር። በሳፎክ፣ ላክስፊልድ ያለው "ኪንግስ ሄድ" እስከ ዛሬ ባንኮኒ የለውም፤ ጠጪው ከኋላ ወዳለው የበርሜል ክፍል ሄዶ ያዛል፣ ከዚያ እሳቱን ዙሪያውን በከበቡት ረጅም መደገፊያ ባላቸው አግዳሚ ወንበሮች ላይ ይቀመጣል። የመደገፊያው ቁመት ለጌጥ አይደለም፤ ከበሩ የሚመጣውን ብርድ ከጀርባ ይከለክላል፣ የእሳቱን ሙቀትም መልሶ ይይዛል። እኔ እንደማስበው ይህ አንድ ክፍል ስለ ገጠር ፐብ አሠራር ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ያስተምራል።

ባንኮኒውን ያስፈለገው የእጅ ፓምፕ ነው። መሐንዲሱ ጆሴፍ ብራማ በ1797 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ዓይነት ፓምፕ፣ ቢራን ከምድር ቤት በፒስተን ይስባል። የተለመደው ሲሊንደር ግማሽ ፓይንት ስለሚይዝ 568 ሚሊ ሊትር የሚሆነውን አንድ ፓይንት ለመሙላት ሁለት ጊዜ ይሳባል። ፓምፑ ማሰሪያ፣ ማሰሪያው ጠንካራ ጠረጴዛ ፈለገ፤ ጠረጴዛው ባንኮኒ ሆነ፣ ሻጭና ገዢንም ለየ።

ከመሬት በታች ያለው ክፍል የተቆፈረው ለቅዝቃዜ ነው። የእንግሊዝ አፈር ውስጡ ክረምት ከበጋ 10 እና 12 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በበርሜል ውስጥ ገና እየፈላ ያለ ቢራ የሚፈልገውም ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ነው። የበርሜሎቹ መጠን የበሩን ስፋት ይወስናል፦ ፈርኪን 41 ሊትር፣ ኪልደርኪን 82 ሊትር ይይዛል። ሙሉ ኪልደርኪን በሰው ጉልበት ደረጃ አይወርድም፤ ስለዚህ ከደጅ በወለል ላይ የሚከፈት ባለ ሁለት ክንፍ መዝጊያና ከሥሩ የሚያንሸራትት የእንጨት ሐዲድ አለ። መዝጊያው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚበሰብሰው ቦታ ነው፣ የዝናብ ውሃ በቀጥታ ስለሚያርፍበት። የምድር ቤቱ ግርግዳ ወዝ ሲያወጣ ብዙዎች ውሃ በማያሳልፍ ልባስ ይለብጡታል። ወዙ አይጠፋም፤ በግርግዳው ውስጥ ወደ ላይ ወጥቶ ከላይ የተኛውን የሥር አግዳሚ ያረጥባል። ወለሉን ወደ አንድ ጥግ እንዲያዘነብል ማድረግ፣ እዚያ የውሃ ጉድጓድ መሥራትና አየር እንዲገባ መተው ይሻላል። አየሩ ለሌላም ይጠቅማል፤ የጋዝ ሲሊንደር ካፈሰሰ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ገዳይም ነው።

ከመንካት በፊት

በእንግሊዝ ታሪካዊ ሆኖ የተመዘገበ ሕንፃ ሦስት ደረጃ አለው፤ አብዛኛው ከ"ግሬድ ዋን" እና ከ"ግሬድ ቱ ስታር" ቀጥሎ በሚመጣው በሦስተኛው፣ "ግሬድ ቱ" በሚሉት ነው። ምዝገባው ፊቱን ብቻ ሳይሆን ውስጡንም፣ የተተከለ አግዳሚ ወንበሩንና የተሰወረ ምድጃውንም ይሸፍናል። ያለ ፈቃድ መለወጥ የወንጀል ጥፋት ነው፤ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። ፈቃዱ የሚጠየቀው ከአካባቢው ምክር ቤት ሲሆን፣ ቀድሞ የቅርስ ባለሙያውን ማነጋገር ወራት ያተርፋል።

ያልተመዘገበ ፐብ መከላከያው ቀጭን ነው። በስታፎርድሺር፣ ሂምሊ አጠገብ የነበረው "ክሩክድ ሃውስ" በ1765 የገበሬ ቤት ሆኖ ተሠርቶ፣ ከሥሩ በተቆፈረ የድንጋይ ከሰል ምክንያት አንድ ጎኑ ሰምጦ ለዓይን እስኪያስቸግር አጋደለ። በደጋፊ ግንብና በብረት ተይዞ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆመ። ነሐሴ 5 ቀን 2023 ተቃጠለ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ፈረሰ። ያን ጊዜ ገና አልተመዘገበም ነበር። የአካባቢው ምክር ቤት በ2024 መጀመሪያ በሦስት ዓመት ውስጥ እንደነበረ ተመልሶ እንዲሠራ አዘዘ።

እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚፈጸመው ልኬት ካለ ነው። ስለዚህ የቆየ ፐብ በእጁ ያለ ሰው ምንም ሳይነካ በፊት ክፍሎቹን ይለካ፣ እያንዳንዱን ማጋጠሚያ በጎን ብርሃን ፎቶ ያንሳ፣ የተቀረጹትን ቁጥሮች ከነቦታቸው ይመዝግብ፣ ከወደቀው ጭቃና ልስን አንድ ጭብጥ ያህል በማሰሮ ያስቀምጥ። የሚቀጥለው ግንበኛ አሸዋውንና ጭዱን የሚያመጣጥነው ያንን እያየ ነው።